«እኔ ማን ነኝ?» ብለን አንጠይቃቸው

የበዓል ቀን ነው። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው እየተቆላ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፤ በዕድሜ የገፉት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ከቦታቸው ተቀምጠዋል። ከሩቅ የመጣው ልጅ ጉልበት ስሞ ከተነሣ በኋላ ፊቱን አስጠግቶ «እኔ ማን ነኝ? ታውቂኛለሽ?» ይላል። ቤቱ ጸጥ ይላል። እናት ፈገግ ይላሉ፤ ዓይናቸው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ይዞራል፣ ጣታቸው የነጠላውን ጥለት ይዳብሳል፣ ከዚያ የሌላ ልጃቸውን ስም ይጠራሉ። አንዱ ይስቃል፣ አንዷ «ውይ፣ ረሱህ!» ትላለች፣ ጠያቂውም ቅር ይለዋል። ጥያቄው ከናፍቆት እንጂ ከክፋት አልመጣም። ቢሆንም ሊጠየቅ የማይገባው ጥያቄ ነው። አረጋውያንን በትዝታቸው እየፈተንናቸው ነው፤ የማስታወስ ግዴታው የተጣለው ግን በእኛ በልጆቻቸው ላይ ነው።

መርሳት የሽማግሌ ዕጣ ብቻ አለመሆኑን አስቀድመን እንይ። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች እየሸመደደ ምን ያህሉ እንደሚቀርለት በራሱ ላይ ሲለካ ቆይቶ፣ ያገኘውን እ.ኤ.አ. በ1885 ሲያሳትም የ35 ዓመት ጎልማሳ ነበር። የተጠናው ነገር አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን አሳየ። ጤነኛ የጎልማሳ አእምሮ እንኳ ይህን ያህል ያፈስሳል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ አዲስ ነገር መያዝ ይዘገያል፣ የሚያውቁትን ፈልጎ ማውጣት ጊዜ ይወስዳል፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማሰብ ይከብዳል። አባት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይፈልጉታል፤ እናት ጓዳ ገብተው ለምን እንደገቡ ይጠፋቸዋል፤ አንዱን ልጅ ለመጥራት የሦስቱንም ስም ይጠራሉ። ከሁሉ ቀድሞ የሚያስቸግረው ስም ነው፣ ምክንያትም አለው። አንድ ሰው ሸማኔ ነው ከተባልን መወርወሪያው፣ ድሩና ማጉ አብረው በዓይናችን ይመጣሉ፤ ወደ ትዝታው የሚያደርሱ ብዙ መንገዶች አሉ። ስም ግን በአንድ ቀጭን ክር የተንጠለጠለ ነው። ደስታ የተባለ ሰው ከጎረቤቱ ይልቅ ደስተኛ ስላልሆነ፣ ፊቱን ማየት ስሙን ለማግኘት አይረዳም። እንግዲህ «እኔ ማን ነኝ?» ስንል፣ ካረጀ አእምሮ የምንጠይቀው በጣም የሚከብደውን ነገር ነው ማለት ነው።

የሚቀረውን ስናይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፈረንሳዊው ቴዎዱል ሪቦ እ.ኤ.አ. በ1881 ስለ ትዝታ ሕመሞች በጻፈው መጽሐፍ፣ ትዝታ ሲፈርስ አዲሱ ቀድሞ አሮጌው ዘግይቶ እንደሚሄድ አስተዋለ። ትናንት የበሉትን የረሱ እናት የሠርጋቸውን ቀን ከነዘፈኑ የሚናገሩት ለዚህ ነው። እጅ የተማረው ደግሞ ሌላ ማከማቻ አለው። አሜሪካዊው ሄንሪ ሞላይሰን የሚጥል በሽታ ስለነበረበት እ.ኤ.አ. በ1953 የአንጎሉ ክፍል በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ አዲስ ትዝታ መያዝ ተሳነው። በመስታወት እያየ የኮከብ ቅርጽ እንዲከተል ባለማመዱት ጊዜ ግን፣ ከዚያ በፊት መሥራቱን ሳያስታውስ እጁ ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ሄደ። በየቤታችንም ይኸው ይታያል። የልጃቸው ስም የጠፋባቸው እናት ቡናው መቼ ከምጣድ መውጣት እንዳለበት ከሽታው ይለያሉ፤ «አባታችን ሆይ» ከተባለ ሳይሰናከሉ እስከ መጨረሻው ያደርሳሉ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልባችንን ሊነካው የሚገባው ግን ሌላ ነው። በአልዛይመር ለታመሙ ሰዎች አሳዛኝ ፊልም አሳይተው የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ሕሙማኑ ፊልሙን ከረሱት በኋላ ሐዘኑ አብሯቸው እንደቆየ ተመልክተዋል። ነገሩ ይረሳል፣ ስሜቱ ይቀራል። በበዓሉ ቀን ጥያቄውንና ጠያቂውን የረሱት እናት፣ በሰው ፊት የማፈራቸውን ስሜት ይዘው ሊያመሹ ይችላሉ። ምን እንዳሳዘናቸው አያውቁትም፤ ማዘናቸው ግን አልቀረም።

ቅዱሳት መጻሕፍት መርሳትን አይወቅሱም ወይ የሚል ይኖራል። አዎን፣ አጥብቀው ይወቅሳሉ፤ ግን ማንን እንደሚወቅሱ እንመልከት። ዮሴፍን የረሳው የፈርዖን ጠጅ አሳላፊ ከወህኒ ወጥቶ ወደ ሹመቱ የተመለሰ ሰው ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የረሳው ስለተመቸው ነው። ሙሴ በኦሪት ዘዳግም እንዳይረሱ አጥብቆ ያስጠነቀቀው ወደ ለም ምድር ገብተው የሚበሉትን፣ የሚጠግቡትንና መልካም ቤት የሚሠሩትን ነው። ኃጢአት የሆነው መርሳት የጥጋብ መርሳት ነው፤ የብርቱ ሰው፣ የባለሥልጣን፣ ውለታ የተዋለለት ሰው መርሳት። ነቢዩ ኢሳይያስ የእግዚአብሔርን አለመርሳት ሊናገር ሲያነጻጽር የመረጠው እናትን ነው፣ እናትም ልትረሳ እንደምትችል አልሸሸገም፤ ግን በዚያ ቦታ የሚረሳው ልጅ አይጣልም፣ ያልረሳው ይይዘዋል። አባትና እናትን አክብር የሚለው ትእዛዝም «እስካወቁህ ድረስ» የሚል አጥር የለውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጥንቃቄ የመጣ ነውና በአክብሮት መመለስ አለበት። «ሁሉንም እርጅና ነው ብለን ከተውነው በሽታው ሳይታይ ያልፋል» ይላሉ። እውነት ነው። መነጽር የት እንዳስቀመጡ መርሳትና መነጽር ለምን እንደሚያገለግል መርሳት ይለያያሉ። ኖረውበት ባረጁበት ሰፈር መንገድ መጥፋት፣ ያንኑ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ጊዜ መጠየቅ፣ የለመዱትን ወጥ መሥራት መሳን፣ ጠባይ በድንገት መለወጥ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው። አንዳንዱ መርሳት ደግሞ ይታከማል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ ድባቴ፣ አብረው የማይስማሙ መድኃኒቶች፣ በመውደቅ ምክንያት ጭንቅላት ውስጥ የተጠራቀመ ደም አእምሮን ሊያደበዝዙ ይችላሉ። ጆሮ ሲደክምም ሰው የረሳ ይመስላል፤ ያልሰማውን ሊያስታውስ አይችልምና። ጸበል የሚወስድ ሰው ሐኪም ቤትም ይውሰድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ነገር ግን ምርመራ የሐኪም ሥራ ነው፣ በዝግ ክፍል በትሕትና ይሠራል። ቡና ላይ በዘመድ ፊት የሚደረገው ፈተና ማንንም ፈውሶ አያውቅም።

«ሲፈልጉ ያስታውሳሉ» የሚለው ጥርጣሬስ? የዛሬ ሃምሳ ዓመት የተወሰደባቸውን በሬ ቀለም የሚናገሩ አባት፣ ትናንት የሰጠኋቸውን ገንዘብ እንዴት ይረሳሉ ይባላል። ሪቦ ያየው ይኸው ነበር። ሆን ተብሎ የተደረገ የሚመስለን፣ አእምሮ ሁሉንም በእኩል የሚያስቀምጥ አድርገን ስለምናስብ ነው። ገንዘቡን ጎረቤት ሰረቀኝ ቢሉም አይግረመን፤ የት እንዳስቀመጡ ያጡት ሰው የሚያገኙት ማብራሪያ እሱ ብቻ ነው። አብሮ መፈለግ ከመከራከር ይሻላል።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ስለ እውነት የሚነሣው ነው። ከሞቱ አሥር ዓመት ያለፋቸውን ባላቸውን «እስካሁን ምነው ዘገየ?» ብለው የሚጠይቁ እናት ምን ይመለስላቸው? «አባባ እኮ ሞቷል፣ ቀብረነዋል» ማለት እውነት መናገር ነው፣ ሌላው ሁሉ ውሸት ነው የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ። እነዚህን ወገኖች የምጠይቃቸው የገዛ ባህላችንን እንዲያስቡ ነው። እኛ መርዶ እንዴት እንደምንናገር ሥርዓት ያለን ሕዝብ ነን። በስልክ አንጥለውም፣ በመንገድ አንናገረውም፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ይነገራል፣ ከዚያም አብረን እናለቅሳለን። አንድን ሞት ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አናረዳም። ለምትረሳ እናት ግን ባሏ እንደሞተ በየማታው ስንነግራት፣ እሷ ዘንድ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ያለ ሥርዓት፣ ያለ አስተዛዛኝ፣ እራት እየቀረበ መርዶ እናረዳታለን። እውነትን ያለ ርኅራኄ መናገር እንዲህ ያለ ጭካኔ ያሠራል። ውሸትም አያስፈልግም። «ናፈቀሽ አይደል? ምን ይወድ ነበር? መጀመሪያ የት ነው ያየሽው?» ብንላት አንድም ሐሰት አልተናገርንም፤ እሷም ስለምትወደው ሰው ታወራለች፣ ልቧም ያርፋል። ሞቶ እንደሆነ በቀጥታ ከጠየቀች ግን እጇን ይዞ በለሆሳስ መንገርና አብሮ መቀመጥ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ልናገር። ለሞተ ሰው መታሰቢያ የምንተጋ ሰዎች ነን። አርባውን፣ ሰማንያውን፣ ሙት ዓመቱን እናወጣለን፤ ዝክርም ተዝካርም የሚሉት ቃላት ከግእዙ «ዘከረ»፣ አሰበ ከሚለው የመጡ ናቸው። ይህ መልካም ነው፣ ይቀጥል። ነገር ግን በአንዳንድ ቤት እንግዳ ሲመጣ የሚረሱት አያት ወደ ጓዳ ይገባሉ፣ ያንኑ ወሬ ደጋግመው እንዳያሳፍሩ ተብሎ። ሲሞቱ ድንኳን ይተከልላቸዋል፣ በሬ ይጣልላቸዋል። ከተዝካሩ ወጪ ጥቂቱ በሕይወታቸው ሳሉ ለጥሩ መነጽር፣ ለጆሮ ማዳመጫ፣ ለአስታማሚዋ አንድ ቀን ዕረፍት ቢውል ምን ነበር? አስታማሚዋን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሸክሙ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በአንዲት ሴት ልጅ ወይም በምራት ትከሻ ላይ ነው፤ ሌሊት አትተኛም፣ ሥራዋን ትታለች፣ አንዳንዴም ትቆጣለች፣ ከዚያ በቁጣዋ ታለቅሳለች። እሷን «ታገሺ» ብሎ መምከር ብቻ ስብከት አይሆንም። የዕድሩና የጽዋ ማኅበሩ ሰዎች በተራ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢቀመጡላት፣ ውጭ አገር ያለው ወንድም ከገንዘቡ ጋር የዕረፍት ፈቃዱንም ቢያካፍላት፣ ትዕግሥቷ የሚቆምበት መሬት ያገኛል።

ንጉሥ ዳዊት ከአቤሴሎም ሸሽቶ መሃናይም ሲደርስ ምግብና ምንጣፍ ካቀረቡለት ሰዎች አንዱ ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ነበር። ንጉሡ ሲመለስ በኢየሩሳሌም ሊጦረው ጠየቀው፤ ሽማግሌው ሰማንያ ዓመት እንደሞላው፣ የሚበላውን ጣዕም እንደማይለይ፣ የዘፈን ድምፅ እንደማይሰማ ተናግሮ በአገሩ ለመሞት ለመነ። ዳዊት አላስገደደውም፤ ስሞ፣ መርቆ አሰናበተው። ከዓመታት በኋላ ራሱ ዳዊት አርጅቶ ሊሞት ሲል ለሰሎሞን ከሰጠው ኑዛዜ ውስጥ የቤርዜሊ ልጆች ከማዕዱ እንዲበሉ የሚያዝዝ ቃል አለ። ውለታውን የሚያስታውሰው የዋለው ሰው መሆን አላስፈለገውም፤ የተዋለለት አስታወሰው። እናቶቻችን ስንት ሌሊት እንደታቀፉን እኛም ያኔ አናውቅም ነበር፤ ስማችንን እንኳ የነገሩን እነሱ ናቸው፣ እስክንይዘው ድረስ ሺህ ጊዜ እየደጋገሙ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በሚመጣው በዓል ስትገቡ፣ ወይም ዛሬ ማታ ስልክ ስትደውሉ፣ አትፈትኗቸው። መጀመሪያ ስማችሁን ተናገሩ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ሁለተኛው ልጅሽ፣ ልጠይቅሽ መጣሁ» በሏቸው፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ «አንተ ማን ነህ?» ካሉም፣ በዚያው ድምፅ እንደገና ንገሯቸው።