እሱ አይደለም

አክስቴ ልጇ ከዱባይ የላከላትን ሽቶ አንጓዋ ላይ ረጨች፣ አሸተተች፣ ጥቂት ዝም አለችና «ይሄ እሱ አይደለም» አለች። ስሙ ያው ነው፤ ካርቶኑም፣ የብልቃጡ ቅርጽም ያው። ተነሥታ ከሣጥኗ፣ ከሐበሻ ቀሚሶቿ መሃል፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈውን አሮጌ ብልቃጥ አወጣችና አጠገቡ አቆመችው፤ ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ቀርቶታል። ከዚያ ወዲያ አፍንጫዬን በሁለቱ መካከል ሳመላልስ መሸ። የሽቶውን ስም ልተወው፤ ሥራ ያስፈታችኝ «እሱ» የምትለው ቃል ናት። እሱ የቱ ነው?

መቀየሩ ራሱ አያከራክርም። ፈረንሳዮች «ሺፕር» የሚሏቸው የዚህ ወገን ሽቶዎች መሠረታቸው ኦክሞስ ነው፤ በባሉጥ ዛፍ ላይ የሚበቅል፣ የእኛ የዛፍ ሽበት ዘመድ። እርጥብ መሬትና ቅጠል የበሰበሰበት ጫካ ይሸታል፤ ሌሎቹን መዓዛዎች ቆዳ ላይ ይዞ ያቆያል። ነገር ግን አትራኖልና ክሎሮአትራኖል የሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች አሉበት። አንዳንድ ሰው ላይ የቆዳ አለርጂ ያስነሣሉ፤ አንዴ የተነሣ አለርጂ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ አይለቅም። ኢፍራ የሚባለው የአምራቾቹ ዓለም አቀፍ ማኅበር የኦክሞስን መጠን ሲያስቀንስ ቆየ፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2017 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ደንብ ሁለቱን ንጥረ ነገሮች ከለከለ፤ ከ2021 ወዲህ ያሉባቸው ሽቶዎች በኅብረቱ አገሮች አይሸጡም። የድሮውን የሚወዱ ሰዎች «አበላሹት» ይላሉ። አንገቱ በሽፍታ የነደደ ሰው ግን እንዲህ አይልም።

እኛን ይበልጥ የሚነካ ለውጥም አለ። የዓለም ሽቶ ቤቶች ይገዙት የነበረው ዝባድ ለብዙ ዘመን አብዛኛው ከኢትዮጵያ ነበር የሚሄደው፤ ከጥርኝ እየተፋቀ፣ በበሬ ቀንድ ታጭቆ። ጥርኙ ዕድሜውን እንደ ልቡ መዞር በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ቀፎ ውስጥ ይጨርሳል። ኤርነስት ቦ በ1921 የቀመመው «ሻኔል ቁጥር 5» ዝባድ ነበረበት፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሰው ሠራሽ ተተካ። ስለዚህ የጥንቱ ይመለስልኝ ብዬ የምሟገት ከሆነ፣ ስለዚያ ቀፎም እየተሟገትኩ መሆኔን ማወቅ አለብኝ።

ታዲያ ውስጡ ከተቀየረ እሱነቱ ቀረ ማለት ነው? አይመስለኝም። አክስቴ ቤት የሚጋገረውን እንጀራ ልውሰድ። ጤፉ የዘንድሮው የአምናው አይደለም፤ ምጣዱ እኔ እንኳ የማውቀው ሁለት ጊዜ ተሰብሯል። ግን የእሷ ቤት እንጀራ የሚባል ነገር አለ፤ ጎረቤት ዓይኑን ጨፍኖ ይለየዋል። የሚያሻግረው እርሾው ነው። የዛሬው ሊጥ በትናንቱ ይቦካል፤ ከዛሬው ለነገ ይቀመጣል። እንግዲህ ያው መሆን ማለት አለመቀየር ሳይሆን፣ አዲሱ በአሮጌው ቦክቶ መምጣቱ ሊሆን ይችላል። ቡናው ደግሞ ተቃራኒውን ያሳየናል፦ አቦልም፣ ቶናም፣ በረካም ከአንድ ጀበና፣ ከአንድ ቡና ይቀዳሉ፤ እኛ ግን ሦስት ስም ሰጠናቸው። በረካን አቦል ብሎ የሚያቀርብ ሰው አላየሁም።

በዚህ ሚዛን ሁለት ሽቶዎችን እንመዝን። ዣክ ገርላን በ1919 የቀመመው «ሚትሱኮ» ኦክሞሱን ሲቀማ ባዶ ሆነ የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ኋላ የገርላን ቤት ቀማሚ ቲዬሪ ቫሰር አለርጂ አምጪው ክፍል በወጣለት ኦክሞስ እንደገና ሠራው፤ የጎደለውን ለመሙላት ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀው የድሮውን ነበር። ይህ እርሾ አለው። «ሚስ ዲዮር» የሚባለው ደግሞ በ1947 ወጣ፤ እሱም ሺፕር ነው። በ2005 «ሚስ ዲዮር ሼሪ» የሚባል ሌላ ሽቶ መጣ፤ ጣፋጭ፣ የወጣቶች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ሼሪ» የምትለው ቃል ወደቀችና አዲሱ በደፈናው «ሚስ ዲዮር» ተባለ፤ የ1947ቱ «ኦሪጂናል» የሚል ቅጥያ ተሰጠው። ታላቅየው በሕይወት እያለ ስሙን ለታናሹ አውርሶ፣ ታላቁን «የድሮው» ብሎ እንደ መጥራት ነው። ታናሹ መልከ መልካም መሆኑን አልክድም። ስሙ ግን በእርሾ አልተሻገረም፤ ተወስዶ ተሰጠ እንጂ። ስለዚህ ሽቶ ቤቶችን የምወቅሳቸው በመቀየራቸው አይደለም፤ በረካውን አቦል ብለው በማቅረባቸው ነው።

ይህን ለአክስቴ ብነግራት ግን ትስቅብኛለች። እርሾ፣ የቀማሚው ሐሳብ፣ የቤቱ ትውፊት፤ እነዚህ አንዳቸውም አይሸቱም። አፍንጫ ታሪክ አይጠይቅም፤ የቀረበለትን ነው የሚፈርደው። በአፍንጫ ሸንጎ ደግሞ ምስክሩ አሮጌው ብልቃጥ ነው ይባላል፤ ሁለቱን አስተያይ፣ የተለየው ሐሰተኛ ነው።

አስተያየኋቸው። አሮጌውን በግራ እጄ፣ አዲሱን በቀኝ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የገረመኝ የአሮጌው መክሰም ነው፦ ከአናቱ የሚቀድመው የቤርጋሞት ሽታ፣ የብርቱካንና የሎሚ ዘመድ የሆነው፣ ደርቆ እንደ ቀለም ማቅጠኛ ሆኗል። ነገሩ ምክንያት አለው። በእነዚህ ፍሬዎች ዘይት ውስጥ ያሉት ሊሞኒንና ሊናሎል ከአየር ጋር ሲገናኙ ይለወጣሉ፤ ሙቀትና ብርሃን ያፋጥኑታል። ቬርሳይ ከተማ ውስጥ በ1990 የተከፈተው ኦስሞቴክ የሚባለው የሽቶ መዝገብ ቤት፣ ጥንታዊ ሽቶዎችን በጨለማ፣ በ12 ዲግሪ፣ አየር እንዳይነካቸው በአርጎን ጋዝ ሸፍኖ የሚያስቀምጠው በከንቱ አይደለም። የአክስቴ ሣጥን አርጎን የለውም።

ስለዚህ በአንደኛው ሰዓት ለወጣትነቷ ሽቶ የሚቀርበው፣ በእኔ ፍርድ፣ «እሱ አይደለም» የተባለው አዲሱ ነበር። ሦስት አራት ሰዓት ሲያልፍ ፍርዱ ተገለበጠ። አዲሱ ሳሳ፣ ንጹሕ ሳሙና ብቻ ቀረ፤ በግራ እጄ ላይ ግን ያ እርጥብ ጫካ ቀስ እያለ ወጣ፣ ማታም አልሄደም። አንዱ መጀመሪያውን ይዟል፣ ሌላው መጨረሻውን። እሱ የተባለው በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ሙሉውን አልተገኘም። (ሦስተኛው ተቀያሪ በሃያ ዓመቷ የነበራት አፍንጫ ነው። አፍንጫም ከዕድሜ ጋር ይደክማል፤ ይህን ግን ለእሷ የሚነግር እኔ አይደለሁም።)

ያገኘሁትን ነገርኳት፤ ስለ አየሩና ስለ ኦክሞሱ ብቻ፣ እርሾውን ትቼ። አልመለሰችልኝም። በማግሥቱ እሑድ ቤተ ዘመድ ልትጠይቅ ስትወጣ፣ አዲሱን አንገቷ ላይ ረጨች፤ ከአሮጌው ደግሞ በጣቷ ጫፍ አንዲት ጠብታ ወስዳ የነጠላዋን ጥለት ነካ ነካ አደረገች። በር ላይ ቆማ ትከሻዋ ላይ ያረፈውን ጨርቅ ወደ አፍንጫዋ ሳበች።

«ቀረብ ብሏል» አለችና ወጣች።