ልጆቹን ወደ ድስቱ አቅርቧቸው

ልጆቼ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የምትመዘገቡ ወጣቶች ስትበዙ ማየት ደስ ይለኛል። ችግኝ ትተክላላችሁ፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ትጠግናላችሁ፣ ደም ትለግሳላችሁ፣ ታናናሾቻችሁን ታስጠናላችሁ። ዕድሜዬን በባልትና መምህርነት ያሳለፍኩ ሴት ነኝና አንድ ሥራ እንድትጨምሩ እለምናችኋለሁ፤ የሰፈሩን ልጆች ጤናማ ምግብ ማብሰልና መብላት አስተምሯቸው።

የምጠይቃችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 37ቱ መቀንጨራቸውን አሳይቷል። መቀንጨር ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ሥር የሚሰድ ጉዳት ነው፤ በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ትኩረቱን ከሁለት ዓመት በታች ባሉት ላይ ያደረገው ለዚሁ ነው። ታዲያ የአሥር ዓመት ልጅ ማስተማር ምን ይረዳል ትሉኝ ይሆናል። በብዙ ቤት እናት ለሥራ ስትወጣ ሕፃኗን የምታበላት የአሥር ዓመቷ እህቷ ናት። ስድስት ወር ያለፋት ሕፃን ገንፎ ውስጥ እንቁላል ወይም የደቀቀ ጎመን መግባት እንዳለበት ያቺ ልጅ ካወቀች ሕፃኗ ትጠቀማለች። በከተማ ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲወጡ በር ላይ የሚጠብቃቸው ቺፕስ፣ ከረሜላና ለስላሳ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ሻይ ውስጥ ሰባት ማንኪያ ስኳር ጨምሮ ለልጁ የሚሰጥ ወላጅ አላውቅም።

ቦታና ዕቃ ከየት እናመጣለን ብላችሁ አትጨነቁ፤ ዕድር አለ። ትልልቁ ድስት፣ ጭልፋው፣ ሳህኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድንኳኑ በዕድር ቤት ተቆልፎበት ለቅሶ እስኪደርስ ይቀመጣል። የዕድሩን ዳኛ በአክብሮት ጠይቁ። ዕቃውን ቆጥራችሁ ተረከቡ፣ አጥባችሁና ቆጥራችሁ መልሱ። የዕድሩ እናቶች ለመቶ ሰው የሚሆን ወጥ መሥራት ያውቁበታል፤ አስተማሪ አድርጓቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም ጥሯት፣ ለእናቶች የምግብ ዝግጅት ሠርቶ ማሳያ ማድረግ የሥራዋ አንዱ ክፍል ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ በየትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች ምገባ የሚያበስሉ እናቶች በቅርባችሁ አሉ።

ከሁሉ በላይ የምመክራችሁ ንግግር እንዳታበዙ ነው። ካርቦሃይድሬት፣ ፕሮቲን፣ ቫይታሚን እያላችሁ ሰሌዳ ብትሞሉ ልጆቹ ለፈተና ያጠኑታል እንጂ አይበሉትም። እጃቸውን ሥራው ውስጥ አስገቡት። እኔ ብሆን በባቄላ ጉንቁል እጀምር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ሰፌዱን ከበው ባቄላውን ይልቀሙ፤ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን፣ ጠጠሩን ይለዩ። ከዚያ አጥበው ይዘፍዝፉትና ይደር። በማግስቱ ውኃውን አጥልለው በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉት፤ ጠዋትና ማታ ተራ እየገቡ ውኃ ያርከፍክፉበት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጨርቁ ሲፈታ ከፍሬው ጫፍ ነጭ ቡቃያ ብቅ ብሎ ያገኙታል። ክረምት ብርድ ስላለ አንድ ቀን ሊዘገይ ይችላል፣ ታገሱት። እስኪለሰልስ ብቻ ይቀቀል፤ ብዙ ከፈላ ቫይታሚኑ ይባክናል። ጥቂት ጨው፣ ለሚወድ ደግሞ ትንሽ ሚጥሚጣ ጣል ይደረግበትና ይበላ። ባቄላ ሲበቅል በደረቁ ፍሬ ውስጥ እምብዛም ያልነበረ ቫይታሚን ሲ ያበጃል፤ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገርም ይቀንሳል። ይህን የምትነግሯቸው እየበሉ ሳለ ነው፤ ያን ጊዜ ይገባቸዋል። ጉንቁል ዘይት አይጠይቅም፤ ጾመኛውም ያልጾመውም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይበላዋል።

ጎመን አልወድም የሚል ልጅ አይጠፋም። አታስገድዱት። ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ አሥር ጊዜ ያህል መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ራሱ ቅጠሉን ከዘንጉ ቀንጥሶ፣ አጥቦና ከትፎ ያቀረበውን ግን ጓደኞቹ ሲበሉ እያየ ዝም አይልም። ሎሚ ጭመቁበት፤ በጎመንም በምስርም ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል። ሻይና ቡና ያንኑ ብረት ያግዳሉ፤ ከምሳ በኋላ ሻይ ማስከተል በየቤቱ የተለመደ ስለሆነ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ በሏቸው፣ ለወላጆቻቸው ያደርሱታል። አዮዲን ያለው ጨው ወጡ ሊወጣ ሲል እንደሚጨመርም አሳዩ፣ እሳት ላይ ሲቆይ አዮዲኑ ይባክናልና። አያቶቻችን አንገት ላይ የምናውቀው እንቅርት ዋና ምክንያቱ የአዮዲን እጥረት ነው።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። የልጅ ምሳ ዕቃ ከፍታችሁ «ይሄ ብቻ ነው?» አትበሉ። ልጁ እንጀራ በበርበሬ ይዞ የመጣው እናቱ ስለሰነፈች አይደለም፤ የገበያውን ዋጋ እናንተም ታውቁታላችሁ። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላልና ፊታችሁ ለሁሉም እኩል ይፈታ። የምታስተምሩትም እዚያው ቤት ሊሠራ የሚችል ይሁን፤ በሰፈሩ ጉልት የማይገኝ ነገር አታብስሉ። እናትዮዋ ልጄን አሳፈሩት ካለች በማግስቱ አትልከውም፣ ልክም ናት።

ወንዶቹን ልጆች እንዳትተዉ። «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚል አባት ወይም አያት ያጋጥማችኋል። አትከራከሩት፤ ልጁ የሠራውን በሳህን ይዞለት ይሂድ። ትንንሾቹ ይልቀሙ፣ ይጠቡ፤ ቢላና እሳት ከፍ ላሉት ይሁን፣ እሱም እናንተ አጠገባቸው ቆማችሁ። ማንም እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ አይንካ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታንድዱ።

ሰኔ ሳይገባ የዕድራችሁን ዳኛ አነጋግሩ፣ ሦስት አራት እናቶች ለምኑ፣ ልጆቹን መዝግቡ። አንድ ክረምት ሠርታችሁም አትተዉት፤ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ቅዳሜ ቅዳሜ ቀጥሉበት።