ሰደቃ ነው ወይስ ዕዳ?

አንድ ሰው የጎረቤቱን አጥር አፍርሶ ሲያበቃ መልሶ ቢያጥርለት ሰደቃ ሰጠ እንላለን ወይስ ዕዳውን ከፈለ? መልሱ ማናችንንም አያስቸግርም። አጥሩን ያፈረሰው አያትየው፣ የሚያጥረው ደግሞ የልጅ ልጁ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ነገሩ ጠጠር ይላል።

ጥያቄውን ያነሳሁት በኒውዮርክ ወደብ ምክንያት ነው። በዚያ ውኃ ሥር ኦይስተር የሚባለው ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ ቀድሞ ክምር በክምር ሆኖ ይኖር ነበር። ምግቡን የሚያገኘው ውኃውን በሰውነቱ እያሳለፈ በማጥለል ሲሆን፣ ሁኔታው ሲመቸው አንዱ ብቻውን በቀን እስከ 190 ሊትር ያጠልላል። በክምሩ ስርቻ ደግሞ ትናንሽ ዓሦችና ሸርጣኖች ይጠለላሉ። የከተማው ሰው ሥጋውን በላ፤ ዛጎሉን አቃጥሎ ለግንብ ኖራ አደረገው፤ ለመርከብ መንገድ ሲል የባሕሩን ወለል ቆፈረ፤ የሽንት ቤቱን ፍሳሽም ለቀቀበት። በመጨረሻ በበሉት ሰዎች ላይ የታይፎይድ በሽታ ታየና የቀረው የኦይስተር መልቀሚያ እ.ኤ.አ. በ1927 ተዘጋ።

የዛጎሉ መወሰድ ቀላል አይምሰላችሁ። የኦይስተር እጭ ጥቂት ሳምንታት ከዋኘ በኋላ ጠንካራ ነገር ላይ ካልተጣበቀ አያድግም፤ ጭቃ ይውጠዋል። አብልጦ የሚሻውም የቀደሙትን ዛጎል ነው። የሞቱትን ቅሪት የወሰደ፣ ገና ያልተወለዱትን ቤት ጭምር ወሰደ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ቢሊዮን ኦይስተር ፕሮጀክት የተባለ ድርጅት እስከ 2035 አንድ ቢሊዮን ኦይስተር ወደ ወደቡ ለመመለስ ይሠራል። ከምግብ ቤቶች የሚጣለውን ዛጎል ሰብስቦ አንድ ዓመት ያህል ፀሐይና ዝናብ ላይ ያቆየዋል፤ ከዚያም እጮቹ እንዲጣበቁበት አድርጎ ወደ ባሕር ያወርደዋል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በሥራው ይካፈላሉ። ውኃው ገና ስላልጠራ ያሳደጉትን መብላት ክልክል ነው። (በሐላልነቱ ሻፊዒዮችና ሐነፊዮች እንደሚለያዩ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ግን ለሁሉም ክልክል ነው።)

ብዙዎች ይህን ለተፈጥሮ እንደተደረገ ችሮታ ያወሩታል። እኔ አልስማማም። በሸሪዓችን ሰው ሲሞት ውርሱ ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳው ይከፈላል። ወራሹ ከሟች ንብረት በላይ ባይጠየቅም፣ «እኔ አልተበደርኩም» ብሎ ውርሱን ሙሉ መውሰድ አይችልም። ተማሪዎቹ ያላጠፉትን ነው የሚክሱት ቢባል እውነት ነው፤ ከተማው ግን በወደቡ በልጽጎ ሀብቱን አውርሷል። ባሕር አፍ የለውም፣ ማን ይከሳል? የሚል ካለም፣ በምድር የሚሄዱትና በአየር የሚበሩት ፍጡራን እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸው በሱረቱል አንዓም መነገሩን ያስታውስ። የባሕሩን ፍጡር ከዚህ የሚለይ ምክንያት አላየሁም።

ወደቡ ሥራ ይቁም ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው እንጀራውን የሚበላው ከዚያ ነው፤ ባለ ዕዳም እየነገደ ይከፍላል እንጂ ሱቁን አይዘጋም። አስቸጋሪው ሌላ ነው። በብዙው የከተማው ክፍል የዝናብ ውኃና የቤት ፍሳሽ የሚሄዱት በአንድ ቱቦ ስለሆነ፣ ብርቱ ዝናብ ሲጥል ቱቦው ይሞላና ያልተጣራው ፍሳሽ ወደቡ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የውኃ ንጽሕና ሕግ ብዙ ነገር አሻሽሏል፤ ይህን ግን አልጨረሰውም። የተውበት አንዱ ሸርጥ ጥፋቱን መተው መሆኑን ልጆቻችን እንኳ ያውቁታል። ዛጎሉን የሚያወርዱትን አልወቅስም። የእነርሱን ሥራ እያሳየ ለቱቦው የሚወጣውን ገንዘብ የሚያዘገይ ባለሥልጣን ካለ ግን የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ያ ፍሳሽ የሚገባው ልጆቹ ዛጎሉን ወዳወረዱበት ውኃ ነውና።