ወንበሩ ርስት አይደለም

ልጄ፣ የአባትሽ የለቅሶ ድንኳን ሳይፈርስ የአባትሽ የሥራ ባልደረቦች «ልጅቷ በአባቷ ቦታ ትቀጠር» ሲሉ ሰምቻለሁ። ከደግነት ነው፤ አይከፋኝም። እናትሽም «ይሁንላት» ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። ይሁን እንጂ በለቅሶ ቤት የሚባለው ሌላ፣ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ሌላ ነው። ዕድሜዬን በሠራተኛ አስተዳደር የጨረስኩ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ።

የዘውዱ ሥርዓት ብዙ ጥፋት ነበረበት፤ ግን ርስትንና ጉልትን ለይቶ ያውቅ ነበር። ርስት ከአያት ከቅድመ አያት የሚወርድ፣ በደም የሚጠየቅ ነው። ጉልት ግን ለአገልግሎት የሚሰጥ ነበር፤ አገልግሎቱ ሲቀር ይነሣና ለሌላ ይሰጣል። ርስተ ጉልት ሆኖ ለልጅ ልጅ የተላለፈ ጊዜ ምን እንዳስከተለ ገበሬው ያውቀዋል። የመንግሥት ወንበርም እንደ ጉልት ነው። አባትሽ አገለገለበት እንጂ ገንዘቡ አልነበረም፤ የራሱ ያላደረገውን ደግሞ ሊያወርስሽ አይችልም።

ለቤታችሁ የወረደው ሌላ ነው፤ የተተኪዎች አበል ይባላል። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ ሁሉም ስለ ወንበሩ ሲያወራ ስለ አበሉ የጠየቀ አላየሁም። አባትሽ ከ10 ዓመት በላይ ስላገለገለ ቤተሰቡ የዘለቄታ አበል ያገኛል፤ ከዚያ በታች ቢሆን ኖሮ የአንድ ጊዜ ዳረጎት ብቻ ነበር የሚደርሳችሁ። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለመጀመሪያው 10 ዓመት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። 26 ዓመት ያገለገለ ሰው 50 በመቶ ይደርሳል ማለት ነው። አማካይ ደመወዙ 9,000 ብር ነበር እንበል፤ አበሉ 4,500 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ሚስት 50 በመቶውን ማለትም 2,250 ብር፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ 20 በመቶውን ማለትም 900 ብር ይወስዳል። የእናትሽና የሁለቱ ታናናሾችሽ ሲደመር 4,050 ብር መጣ። በልጃቸው የሚጦሩ ወላጆች ካሉም ሕጉ አልረሳቸውም። ገንዘቡ ቤት አያቆምም፤ ግን በየወሩ የሚመጣ የሽሮ፣ የዘይትና የደብተር ገንዘብ ነው።

እንግዲህ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ነውና ወረቀቱን አሁን አሰባስቢ። አባትሽ አንድ ቀን ያጫወተኝን ልንገርሽ። በግል ማህደሩ ውስጥ ባለው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ እናትሽ «አስካለ» ተብላለች፤ መታወቂያዋ ደግሞ «አስካለማርያም» ይላል። «አንድ ቀን አስተካክለዋለሁ» ይል ነበር፤ ቀኑ ቀደመው። ለእኛ አንድ ሴት ናት፤ ለመዝገቡ ግን ሁለት ሰው ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ የጋብቻ ማስረጃውን፣ የሞት የምስክር ወረቀቱንና የታናናሾችሽን የልደት ካርድ ጎን ለጎን አስቀምጪና ስም ከነአያቱ፣ ፊደል በፊደል አመሳክሪ። ልዩነት ካለ አንድ ሰው መሆኗን በፍርድ ቤት ማስወሰን ሊያስፈልግ ነውና ቢሮው ሳይመልስሽ አንቺ ቅደሚ። ከዋናው ጋር ኮፒ ያዢ፤ ያስገባሽበትንም ቀን ጻፊ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በዚህ ስሌት ውስጥ አንቺ የለሽበትም። 18 ዓመት ካለፈሽ ቆይቷል፤ ዲግሪ ይዘሽ ሥራ አላገኘሽም፤ ሕጉ ራስሽን የቻልሽ አድርጎ ነው የሚቆጥርሽ። የባልደረቦቹም ሐሳብ ከዚህ ክፍተት የመነጨ ስለሆነ ቂልነት ነው አልልም። ሌሎች አገሮችም አስበውበታል። ሕንድ በሥራ ላይ እያለ ለሞተ የመንግሥት ሠራተኛ ቤተሰብ ቅጥር የሚሰጥበት ደንብ አላት። ግን እንዴት እንዳሰረችው ተመልከቺ። በማዕከላዊው መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለዚህ የሚውለው በቀጥታ ቅጥር ከሚሞሉ የዝቅተኛ ደረጃ ክፍት መደቦች 5 በመቶው ብቻ ነው፤ የቤተሰቡም ችግር ይመረመራል። የሚቀጠረው ሰው የሟቹን ቤተሰብ እንደሚያስተዳድር በጽሑፍ ይፈርማል፤ ቃሉን ካጠፈ ከሥራው ሊሰናበት ይችላል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ነገሩን ቁርጥ አድርጎታል፦ ዓላማው ቤተሰቡን ከድንገተኛ ችግር ማውጣት እንጂ ሹመት ማውረስ አይደለም፤ ሠራተኛው ስለሞተ ብቻ የሚገኝ መብትም አይደለም። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዛለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በዚሁ አቆጣጠር በ2020 የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ከአሠሪው ጋር የተዋዋለውን አጽንቷል፤ ውሉ ግን ሥራው ራሱ ለገደለው ሠራተኛ ቤተሰብ ነው። አየሽ፣ በሁለቱም አገር በደንብ ወይም በውል ተጽፎ፣ ልክ ተበጅቶለት ነው እንጂ በድንኳን ውስጥ በተሰማ «ይሁን» አይደለም።

የአባትሽ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ የተጻፈ መመሪያ ካለው ጠይቂ፤ አትፈሪ። «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ነውና መመሪያውን ጠቅሰሽ፣ በማመልከቻ፣ ቁጥር አስወጥተሽ ጠይቂ። ከተሳካም ደመወዙ የአንቺ ብቻ አይደለም፤ ሕንዶቹ በፊርማ የሚያስገቡትን ቃል አንቺ በእናትሽ ፊት ግቢው። መመሪያው ከሌለና አንዱ አለቃ «ዝም ብለሽ ነይ፣ በኮንትራት ላስገባሽ» ካለሽ ግን ቆም በይ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ብለን የምንስቅበትን ነገር በሐዘን ስም አናድርገው። በዚያች መደብ ላይ ማስታወቂያ ቢወጣ የሚመዘገብ የገበሬ ልጅ አለ። የእሱም አባት ሞቶ ይሆናል፤ ሲሞት ግን ማረሻ ነበር በእጁ እንጂ ማኅተም አልነበረም። የእሱን ሐዘን ማን ይጽፍለታል? ደግሞ አለቃ ይሄዳል። ተከታዩ ፋይል ሲያገላብጥ የቅጥር ፈተና ውጤትሽን ቢፈልግ ያጣዋል፤ ያን ቀን ያስገባሽ ሰው ስልኩን አያነሣም። በጨለማ የተገባበት ቅጥር ሲነጋ ያስወጣል።

ይልቅ ማስታወቂያ ሲወጣ ከሰው እኩል ተመዝገቢ። የአባትሽን ባልደረቦች ወንበር አትለምኚያቸው፤ ፈተናው በምን ላይ እንደሚያተኩር፣ ማስታወቂያው መቼና የት እንደሚለጠፍ፣ የአባትሽ ማህደር የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ጠይቂያቸው። ወዳጅነት እንዲህ ባለው ቢገለጥ ማንንም አይበድልም፤ ደስ ብሏቸውም ያደርጉታል።

ይህን የምታነቡ በሥራ ላይ ያላችሁ አባቶችና እናቶችም «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» የተባለው ለልጆች ብቻ አይደለም። አጊጦ የሚኖር ልጅ አባቱ ማህደሩን አስተካክሎ ያለፈ ነው። ያገባም፣ የወለደም፣ ስሙን የቀየረም በዚህ ሳምንት ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ይሂድና የቤተሰቡን ስም ያስመዝግብ። ኑዛዜ የሚጽፈው ባለ ሀብት ብቻ የሚመስለው ሰው ሞልቷል፤ የደመወዝተኛ ኑዛዜው ማህደሩ ነው።

አንቺ ግን ልጄ፣ መንገድ ላይ አግኝተው «የአባትሽን ቦታ አገኘሽ ወይ?» ለሚሉሽ «የእናቴንና የታናናሾቼን አበል እያስፈጸምኩ ነው፤ ሥራውን ተወዳድሬ እይዘዋለሁ» በያቸው። የአባትሽን ነፍስ ይማር፤ አንቺን እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እንጀራሽንም በላብሽ ያድርግልሽ።