ወኪሉ የማን አንደበት ነው?

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል። አባባሉ የእኛ ቢሆንም እውነቱ ግን ባሕር ተሻግሮም ይገኛል። በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ፣ በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ግዛቶች ውስጥ የናቫሆ ነባር ሕዝብ ይኖራል። ከምድሩ ለአሥርተ ዓመታት የድንጋይ ከሰል ተቆፍሮ ወጥቷል። በዚያ ከሰል ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ 2,250 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሲሠራ ኖሯል። ኃይሉም የኮሎራዶን ወንዝ ውሃ ሽቅብ እየገፋ ወደ ፊኒክስና ቱሳን ከተሞች ያደርስ ነበር። ብዙ የናቫሆ እናቶች ግን የከፍተኛ መስመሩን ሽቦ ከሩቅ እያዩ በፋኖስ አመሹ። ዛሬም አሥር ሺህ ያህል የሚገመቱ የናቫሆ ቤቶች መብራት አልገባላቸውም።

እንዲህ ባለ ሥፍራ ስለ ሕዝቡ መብራት ለመሟገት የተነሣ ሰው ከኩባንያና ከመንግሥት ሹማምንት ጋር ሲቀመጥ የሚናገረው የማንን ቃል ነው? የራሱን ዕውቀት ነው ወይስ የላኩትን ሰዎች ሐሳብ? የላኩት ሰዎች ራሳቸው ባይስማሙስ?

የመጀመሪያው ፈተና በሁለት ቢላዋ መብላት ነው። የናቫሆ ጎረቤቶች የሆኑት ሆፒዎች እ.ኤ.አ. በ1966 የከሰል ምድራቸውን ሲያከራዩ ጠበቃቸው ጆን ቦይደን ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ የሕግ ምሁሩ ቻርልስ ዊልኪንሰን ሰነዶችን መርምሮ ይኸው ጠበቃ በዚያው ዘመን ለከሰል ኩባንያውም ይሠራ እንደነበር አጋለጠ። በእነዚያ ዓመታት ውሎች መሠረት ከሰሉ ተፈጭቶና በውሃ ተበጥብጦ 440 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ቧንቧ ወደ ኔቫዳ ይጓዝ ነበር። ለዚህም እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ በየዓመቱ ከሦስት ቢሊዮን ሊትር በላይ ንጹሕ የከርሰ ምድር ውሃ ተስቧል። በደረቅ አገር ለሚኖር ሕዝብ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ!

ሁለተኛው ፈተና ግን ይከብዳል፤ የሚፈትነው ከዳተኛውን ሳይሆን ቅኑን ሰው ነውና። ታላቁ ጣቢያ በኅዳር 2019 ተዘጋ። ስለ ውሃውና ስለ አየሩ ሲታገሉ የኖሩ ደስ አላቸው። በሌላ በኩል በማዕድኑና በጣቢያው ይሠሩ ከነበሩት አብዛኞቹ የዚያው ምድር ልጆች ነበሩ፤ የሆፒ አስተዳደርም የገቢውን ትልቁን ክፍል ያገኝ የነበረው ከዚያው ከሰል ነው። እንበል፣ ከሁለት ወንድማማቾች አንዱ «ምንጫችን ደረቀ» ይላል፤ ሌላው «ልጆቼን በምን ላሳድር?» ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ወኪሉ የማንን ይያዝ?

አንዳንዶች «የብዙኃኑን ይያዝ» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «የሚበጀውን እርሱ ያውቃል» ይላሉ። እኔ ግን ወኪል አደራ ተቀባይ እንጂ ባለንብረት አይደለም እላለሁ። የሁለቱንም ወንድማማቾች ቃል፣ የእያንዳንዱ ምርጫ ከሚያስከፍለው ዋጋ ጋር ሳይሸራርፍ ማቅረብ አለበት። ውሳኔው የባለ ምድሩ ነው።

«ይህ ሁሉ ምክክር እስኪያልቅ ማቀዝቀዣ የሌላት አሮጊት የስኳር መድኃኒቷን በበረዶ ስታቆይ ትኑር ወይ?» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ከባድ ነው። መዘግየትም በደል መሆኑን ያ ሕዝብ ያውቃል፤ በናቫሆና በሆፒ የመሬት ክርክር ሳቢያ አንድ የዋሽንግተን ሹም በ1966 ባወጣው ትእዛዝ የተነሣ በሰፊ ምድር የሚኖሩ ቤተሰቦች እስከ 2009 ድረስ ቤት ለማደስም ሆነ መብራት ለማስገባት ታግደው ኖረዋል። ስለዚህ ሁለቱን እንለይ። ቤቷ ድረስ ሽቦ መሳብ ማንንም የማያጣላ ከሆነ ዛሬውኑ ይሠራ። በ2019 ከሌሎች ከተሞች የመጡ የመብራት ሠራተኞች ከናቫሆ ባልደረቦቻቸው ጋር እንጨት ተክለው ብዙ ቤቶችን ማብራታቸው መልካም ምሳሌ ነው። የጋራውን ምድርና ውሃ ለዘመናት የሚያስር ውል ግን የአንድ ሰው ጥድፊያ ሊወስነው አይገባም።

ዛሬ ከሰሉ ቀርቶ የፀሐይ ኃይል እየመጣ ነው። ፀሐይ ንጹሕ ናት ማለት ግን በስሟ የሚፈረም ውል ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። መስተዋቱ የሚዘረጋውም በጎች በሚሰማሩበት መስክ ላይ ነው። እረኛዋ በገዛ ቋንቋዋ ተነግሯት ያልገባት ውል፣ ትናንት በከሰል ስም ከተፈረመው በምን ይለያል?

በአገራችንም ከፍተኛ መስመር በላዩ እያለፈ በኩራዝ የሚያመሽ መንደር ጥቂት አይደለም። ለእንዲህ ያለው መንደር ልናገርለት ብሎ የሚነሣ ሁሉ «ምን አስገኘሁላቸው?» ከማለቱ በፊት «ልከውኛል ወይ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።