ሐቅም ተሸካሚ ይሻል

 

በሽተኛ የሕመሙን እውነት ሊነገረው ይገባልን? ወይስ ተስፋ እንዳይቆርጥ ይደበቅለት? ይህ ጥያቄ በጉለሌ ሰፈራችን አንዲት እናት ካረፉ ወዲህ ከልቤ አልወጣም። ሕመማቸው የማህፀን በር ካንሰር ነበር። ልጆቻቸው «ኡስታዝ፣ አደራ እንዳይነግሩብን፤ እማዬ በድንጋጤ ትሞትብናለች» ብለው ለመኑኝ። እኔም «ብርድ ነው፣ አላህ ያሽርዎት» አልኳቸው። አንድ ቀን «ለብርድ እንዲህ የሚያስመልስ መድኃኒት ምን ዓይነት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ዓይኔን ሰበርኩ። ዕዳቸውን ሳይናገሩ፣ ከተቀየሟቸው እህታቸው ጋር አፉ ሳይባባሉ ወደ አኺራ ሄዱ።

መድኃኒቱ ሲስፕላቲን ይባላል፤ እምብርቱ ፕላቲኒየም የተባለው ማዕድን ነው። የፕላቲኒየም ውህዶች የባክቴሪያን መራባት እንደሚያግዱ ባርኔት ሮዘንበርግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1965 ይፋ አደረጉ። በ1978 ሲስፕላቲን በአሜሪካ ለካንሰር ሕክምና ተፈቀደ። ብዙዎችን ጠቅሟል፤ ግን ጤነኛውን ከታመመው አጥርቶ ስለማይለይ ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል።

ስለዚህ ኬሚስቶች ተሸካሚ ይፈልጉለት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፓላዲየምና ከሌሎች ሞለኪውሎች ራሱን በሚገጣጥም፣ በዓይን በማይታይ ሙዳይ ውስጥ ሁለት የሲስፕላቲን ሞለኪውሎች ከተቱ። ምኞቱ መድኃኒቱ በመንገድ ሳይፈስ ከዕጢው ሲደርስ ሙዳዩ እንዲከፈት ነው። ይህ ገና ምርምር እንጂ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አይደለም።

ዑለማዎቻችን ዙልምን ሲተረጉሙ አንድን ነገር ያለ ቦታው ማኖር ነው ይላሉ። ያለ ቦታው የፈሰሰ መድኃኒት መርዝ ይሆናል፤ ያለ ቦታው የተነገረ ሐቅም እንዲሁ። ነገር ግን ልብ በል! ኬሚስቶቹ «ይጎዳል» ብለው መድኃኒቱን አልደፉትም፤ ተሸካሚ ፈለጉለት እንጂ። እኔ ግን ሐቁን ደፋሁት።

መርዶ ስናረዳ ሽማግሌ እንመርጣለን፣ ዘመድ እንሰበስባለን፣ ሰዓት እንጠብቃለን። ለሟች ቤተሰብ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ በሕይወት ላለው በሽተኛ ለምን እንሰንፋለን? እርግጥ ሁሉን መስማት የማይሻ ሕመምተኛ አለ። እሱንም ቢሆን «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል እንጂ በስሙ መወሰን አይገባም።

ወላጅህ የታመመብህ ወንድሜ፣ እህቴም ሆይ! ሐቁን በእዝነት ሙዳይ ይዘህ ግባ፤ ዕዳና ኑዛዜ ቀን አይጠብቁም።

አላህ በሽተኞቻችንን ያሽርልን፤ እኔንም ይማረኝ። አሚን።