በመንገድ መካከል ስለ ማረፍ

ከሩቅ አገር ተነሥቶ ወደ ሩቅ አገር የሚጓዝ ሰው መንገዱን ጨርሶ ቢያርፍ የሚነቅፈው የለም። ጉዳዩ ሳይፈጸም፥ የሚጠብቀውም ሰው እያለ፥ በመካከል ካለው ትልቅ ከተማ ገብቶ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ማረፉ ግን ጥያቄ ያስነሣል። አንዳንዶች «ከተማ የገባ መንገደኛ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያባክናል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «የደከመው ይረፍ፥ የከፈለም ይደሰት» ይላሉ። የፊተኞቹ ዕረፍትን ስንፍና፥ የኋለኞቹ ምቾት አድርገው ያዩታል። ሁለቱም አሳብ ግን አንድ የጋራ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም ዕረፍትን ለሚያርፈው ሰው ብቻ የተተወ ጉዳይ አድርጎ መቍጠሩ ነው።

ነገሩን በጎጃም ደጋ መንገድ ላይ ሆነን ብንመረምረው ይገለጥልናል። ጎጃም ከሦስት ወገን በዓባይ የተከበበ አገር ስለ ሆነ፥ መንገደኛው ወደደም ጠላም ማረፍን የተማረበት ምድር ነው። ድልድይ ባልተሠራበት ዘመን ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ መሻገሪያው ይዘጋል፤ ነጋዴውም ሆነ መልእክተኛው ውሃው እስኪጐድል ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም። በ19ኛው መቶ ዓመት፥ ከዛሬው ደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፥ በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ፥ ከጎንደር በኩል የሚመጣውና ከዓባይ ማዶ የሚሻገረው ነጋዴ የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ነበር። ወራት የሚፈጅ መንገድ የያዘ ሰው በዚያ ሸጦና ገዝቶ፥ ወሬ ሰምቶ፥ ኀይሉን አድሶ ጉዞውን ይቀጥል ነበር።

የነጋዴ ቅፍለት በጉዞው ላይ የታወቀ ልማድ ነበረው። ጎሕ ሲቀድ ይጭናል፤ ቀኑ ገና ሳይመሽ ያራግፋል፤ ከብቶቹም ሣር እንዲግጡ ይለቃቸዋል። ነጋዴው ራሱ እስከ ማታ ለመሄድ ጕልበት ቢኖረው እንኳ፥ ጀርባዋ የገጠበ አህያ እንደማትችል ያውቃል። እንግዲህ የዕረፍት ልክ የሚቈረጠው በብርቱው እግር ሳይሆን በደካማው ጀርባ ነበር። ይህ ልማድ ከርኅራኄ ይልቅ ከጥቅም የተወለደ ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ አህያይቱ ከወደቀች ጭነቱ ከመንገድ ይቀራልና። ቢሆንም በውስጡ እውነተኛ ሕግ ይዟል። የኦሪት ሕግም ሰንበትን ሲያዝ ባለቤቱን ብቻ ዕረፍ አላለውም፤ አገልጋዩን፥ በሬውንና አህያውን፥ በደጁ ያለውንም መጻተኛ አብሮ ቈጠረ። ሌላውን የማያሳርፍ ዕረፍት ጎደሎ እንደ ሆነ የጥንት ሰዎችም ያውቁ ነበር።

ዳሩ ግን በዚያው በባሶ ገበያ ከቡናው፥ ከወርቁና ከዝሆን ጥርሱ ጋራ ሰውም ይሸጥ ነበር። ነጋዴው ጭነቱን አራግፎ ሲያርፍ፥ እነዚያ ምስኪኖች ተቀመጡ እንጂ ዐረፉ አይባልም። የጉዟቸው መጨረሻ በእጃቸው አልነበረምና፥ የመንገዱ መቆም ለእነርሱ የጭንቀት መጀመሪያ ነበር። ለአህያው ገጣባ የሚያስብ ነጋዴ አጠገቡ የተቀመጠውን የሰው ልጅ ድካም አለማየቱ፥ የልማድ ዓይን ምን ያህል ሊታወር እንደሚችል ያስረዳል። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ተሽሯል። ጥያቄው ግን በሌላ መልክ እስከ ዛሬ አለ፤ እኔ ሳርፍ ድካሜን የሚሸከምልኝ ማን ነው?

ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችውና ስሟን ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን የወሰደችው ደብረ ማርቆስ፥ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ የነበረች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጓዝ ሰው፥ ከመንገዱ እኩሌታ ጥቂት አለፍ ብላ ትገኛለች። እዚያ ለመድረስ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቍል ወርዶ፥ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መውጣት ያስፈልጋል። ጠመዝማዛው፥ ገደሉና የበረሃው ሙቀት የነጂውን ዓይንና ክንድ ያዝላሉ። ብቻውን በእግሩ የሚሄድ ሰው ድካሙን ንቆ ቢገሠግሥ በራሱ ፈረደ ይባላል። ከኋላው ስድሳ ነፍስ ያሳፈረ ነጂ ግን በራሱ ድካም ላይ ሙሉ ሥልጣን የለውም። በአውሮፓ ኅብረት እንደ እነርሱ አቈጣጠር በ2006 የወጣ ደንብ፥ የጭነትና የሕዝብ መኪና ነጂ 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ያስገድደዋል። ደንቡ ለነጂው ቸርነት አድርጎ ብቻ አይደለም፤ የእርሱ ዕረፍት ለተሳፋሪውና በመንገድ ዳር ለሚሄደው እግረኛ የሚከፈል ዕዳ ስለ ሆነ ነው።

ዕረፍት ዕዳ የሚሆነው በሌላም በኩል ነው። በገጠር «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ደጅ የሚቆም መንገደኛ፥ እግሩ ታጥቦ፥ ከቤቱ የተገኘውን በልቶ፥ ባለቤቶቹ በለቀቁለት መደብ ላይ ያድራል። ማን እንደ ታጠበለት፥ ማን መኝታውን እንደ ለቀቀለት ያያልና፥ ሲነጋ መርቆ ይሄዳል እንጂ ሳምንት ልሰንብት አይልም። በከተማ ግን ይህ ሁሉ ከዓይን ይሰወራል። ውሃውን ያሞቀችው፥ አንሶላውን ያጠበችው፥ ሌሊት በሩን የከፈተው ዘበኛ በገንዘብ ውስጥ ተሸፍነው ይቀራሉ። «ከፍያለሁ» የሚለው ሰው የዕቃውን ዋጋ ከፍሎ ይሆናል፤ የሰውን ድካም አይቶ ማመስገን ግን ከሒሳቡ ውስጥ አልገባም።

ይህን ስንል የከተማን ዕረፍት ለመንቀፍ አይደለም። ከተማ ለረጅም መንገደኛ የገጠር ደጅ የማይሰጠውን አንድ ነገር ትሰጠዋለች፤ ይኸውም አለመታወቅን ነው። በየደጁ «ከወዴት መጣህ? አገር ሰላም ነው?» ተብሎ ሲመልስ የከረመ ሰው፥ በከተማ ማንም ሳይጠይቀው ተቀምጦ አሳቡን ይሰበስባል። ቅኔ ፍለጋ ከጎንጅ ወደ ዋሸራ፥ ከዋሸራ ወደ ዲማ ለዓመታት የተንከራተቱት የጎጃም ተማሪዎች ጉዞ የሚያስተምረን፥ ረጅም መንገድ እግርን ብቻ ሳይሆን ልብንም እንደሚያደክም ነው። እግር ይቀድማል፤ ልብ ወደ ኋላ ይቀራል። ያዩትን ከሰሙት፥ የተማሩትን ከዘነጉት ለይቶ ለማስቀመጥ የሚበቃ ጸጥታ ያላገኘ ሰው፥ ብዙ አገር ረግጦ ምንም ሳያይ ይመለሳል። ስለዚህ ልብ እስኪደርስ ድረስ መቆየት የጉዞው አካል እንጂ የጉዞው ብክነት አይደለም።

እንግዲህ የተገባውን ዕረፍት ካልተገባው በምን እንለየዋለን? ቀኑን በመቍጠር አይደለም፤ ሦስት ቀን ለአንዱ ያንሳል፥ ለሌላው ይበዛል። መለያው ዕረፍቱ ወደ መንገዱ የሚመልስ ወይም ከመንገዱ የሚያስቀር መሆኑ ነው። ጕልበቱ ከተመለሰ፥ አሳቡም ከተሰበሰበ በኋላ የተነሣበትን ጉዳይ ላለመጋፈጥ የሚሰነብት ሰው፥ ዐርፏል ሳይሆን ሸሽቷል ይባላል። ደክሞት ሳለ ለመመስገን ብሎ የሚገሠግሥ ሰውም ትጉህ ሳይሆን ግብዝ ነው፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት የሚነገረው ለእንዲህ ያለው ነው። ሁለቱም የሚጠብቃቸውን ሰው ዘንግተዋል፤ አንዱ በመቅረቱ፥ ሌላው በደከመ እጅ በመድረሱ።

ይህ ምክር ለሥራ በየአውራጃው ለሚዞሩ ሹማምንት፥ ተማሪዎቻቸውን ይዘው አገር ለሚያስጐበኙ መምህራንና ለትምህርት ከቤታቸው ለሚርቁ ወጣቶች ይጠቅማል። ሹሙ ከተማ ደርሶ በመልካም ክፍል ሲተኛ፥ ያመጣው ሾፌር በመኪናው ወንበር ላይ ተጣጥፎ ካደረ፥ በማግሥቱ በገደሉ ጫፍ ላይ መሪውን የሚይዘው ያልተኛ ሰው ነው። መምህሩም የጉዞውን ፍጥነት በብርቱዎቹ ልጆች ልክ ካደረገ፥ የመጨረሻው ልጅ የሚማረው ወደ ኋላ መቅረትን ብቻ ነው። ስለዚህ ከከተማ የገባ መንገደኛ «እኔስ መልካም ዐረፍኩ» ከማለቱ በፊት፥ አብረውት የመጡት ዐርፈው እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ያስተናገዱትንም በስማቸው ጠርቶ ያመስግን። ከዚያ በኋላ ጓዙን ጭኖ ይነሣ።